ንባቡ ማትሪክስ፣ አንድምታው አኒማትሪክስ

አንድ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ገበያው ሲሰምርለት ባለቤቶቹ ዓለሙን በአጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች ማስፋት ይወዳሉ። ዘጠኝ ዐሥር ዳይሬክተር ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ ዐሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሥራቸው ተሰብስቦ በአንድ ርዕስ ይወጣል። ከእንዲህ ያለው ስብስብ ሁለት ሦስቱ ዕድሜ ልክ አይረሱም። የቀሩት የዋናውን ፊልም ልብስ የለበሱ ማስታወቂያዎች ሆነው ይቀራሉ። ተመልካችን የሚያሳስተው ሁሉም ማማራቸው ነው። ዛሬ ገንዘብ ያለው ስቱዲዮ አስቀያሚ ሥዕል አይሠራም፤ ስለዚህ በውበት ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ያቅተዋል።

መመዘኛውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፣ ከዚያም በአማርኛ ይፈታል፤ አንዱን ፍች ሲጨርስ «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፣ ደግሞም «አንድም» ይላል። ከንባቡ አንዲት ፊደል አትነካም። ሆኖም የበሰለ «አንድም» የሰማ ተማሪ ወደ ንባቡ ሲመለስ፣ ያው ቃል ከዚያ በፊት ያላየውን ያሳየዋል። ንባቡን የሚደግም ፍች አይረባም፤ ከንባቡ የሚጣላም አይረባም። የአኒሜሽን ስብስብም ለአንድ ፊልም የተሰጠ አንድምታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ ጥያቄዎቼም ከዚህ የመጡ ናቸው። ዋናውን ፊልም ያላየ ሰው ይህን አጭር ፊልም ብቻውን ቢያየው ይቆምለታል? ዋናውን ያየ ሰውስ ከዚህ በኋላ ተመልሶ ሲያየው አዲስ ነገር ያገኝበታል? አንዱን የሚያልፍ ብዙ ነው። ሁለቱን የሚያልፍ ሲገኝ ግን ደጋግሞ ማየት ይገባል።

የዚህ ዘውግ ትልቁ ሥራ እስከ ዛሬ «አኒማትሪክስ» ነው። የወጣው በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ማሽኖች ሰውን በሐሰተኛ ዓለም አስረው እንደሚያኖሩ የሚተርከው የማትሪክስ ሁለተኛ ክፍል ሲኒማ በገባበት ሰሞን ነበር። ዘጠኝ ፊልሞች አሉት። አራቱን የጻፉት የማትሪክስ ፈጣሪዎች ዋቾውስኪዎች ራሳቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን በዳይሬክተርነት የመሩት ጃፓናውያን ናቸው። ይህም ተገቢ ነበር፤ እንደ «ጎስት ኢን ዘ ሼል» ያሉ የጃፓን አኒሜሽኖች ባይቀድሙ ኖሮ ማትሪክስ የምናውቀውን መልክ አይይዝም ነበርና።

ስብስቡን የሚከፍተው «የኦሳይረስ የመጨረሻ በረራ» ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የለውም። አንዲ ጆንስ በኮምፒውተር የሠራው ነው፤ የቆዳው ላብና የጨርቁ መቀደድ ለዘመኑ ተአምር ነበር። ታሪኩ ግን የመልእክተኛ ታሪክ ነው። ማሽኖቹ ነጻ ሰዎች ወደተሸሸጉባት ጽዮን ከተማ እየቆፈሩ መሆናቸውን የሚናገር ጥቅል አንዲት ሴት ሕይወቷን ሰጥታ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ትጥላለች፤ ጥቅሉን የሚያነሳው በዚያው ዓመት የወጣው የቪዲዮ ጌም ነው፤ ወሬው ደግሞ በሁለተኛው ፊልም ይነገራል። ማትሪክስን ያላየ ሰው ሴትዮዋ ለምን እንደሞተች አይገባውም፤ ያየውም የሚያተርፈው መረጃ ብቻ ነው። የዚህ ዘውግ የተለመደው በሽታ ይኸው ነው፦ በሁለት ፊልሞች መካከል ድልድይ ለመሆን ሲል ራሱን ችሎ መቆም ያቅተዋል።

አሁን ኮጂ ሞሪሞቶ የሠራውን «ባሻገር» የተባለውን ተመልከቱ። አንዲት ወጣት የጠፋች ድመቷን ስትፈልግ የሰፈር ልጆች ወደሚጫወቱበት ወና ቤት ትገባለች። በዚያ ቤት የዓለም ሕግ ላልቷል። የተሰበረ ጠርሙስ ተመልሶ ይገጥማል፤ ከፍ ካለ ቦታ የዘለለ ልጅ መሬት ሊነካ ሲል አየር ላይ ይቆማል፤ ጥርት ባለ ቀን በአንድ ጥግ ብቻ ዝናብ ይዘንባል። ማንም ስለ ማሽን፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ነጻ አውጪ አያወራም። ኋላ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጥተው ሁሉንም ያስወጣሉ፤ ቤቱ ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ማትሪክስን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ይህን ቢያይ ሙሉ ታሪክ አይቷል። ማትሪክስን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይታከልለታል። በዋናው ፊልም ያ ሐሰተኛ ዓለም እስር ቤት ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ስሕተቱ ራሱ የልጆች ደስታ ምንጭ ሆኗል። ወደ 1999ኙ ዋና ፊልም ስመለስ ጀግናው ኒዮ ደግማ ስታልፍ ያያት ጥቁር ድመት ከማስጠንቀቂያነት በላይ ትርጉም ትይዛለች፤ በዚያ ዓለም ሌሎች ሰዎች በእንዲህ ያለ ክፍተት ሲስቁ እንደነበር አሁን አውቃለሁና። የጥሩ ሥራ ምልክት ይህ ነው። ከዓለሙ ሕጎች አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ ያንን ሕግ ዋናው ፊልም ዞር ብሎ ያላየው ተራ ሰው እንዲኖርበት ያደርጋል።

በማሂሮ ማኤዳ የተመራው ባለ ሁለት ክፍሉ «ሁለተኛው ህዳሴ» ለመመዘን ከሁሉም ይከብዳል። የሠራው ነገር በደንቡ መጥፎ መሆን ነበረበት። በዋናው ፊልም የኒዮ መሪ የሆነው ሞርፊየስ ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እንደማይታወቅ፣ ሰማዩን ያጠቆረው ግን ሰው እንደሆነ ይናገራል፤ ያ አለመታወቅ ለፊልሙ ክብደት ይሰጠው ነበር። ማኤዳ መልሱን ዘርዝሮ ያሳያል። አንድ የቤት አገልጋይ ሮቦት መሞት ስላልፈለገ ጌታውን ይገድላል፤ ይፈረድበታል፤ ማሽኖች ይጨፈጨፋሉ፤ የተረፉት የራሳቸውን አገር መሥርተው ይበለጽጋሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ግን አባልነታቸውን ይነፍጋቸዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ምሥጢሩን ይገድላል። እዚህ ግን መልሱ ተመልካቹን የሚከስ ሆኖ ይመጣል፤ ሥዕሎቹ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የምናውቃቸውን የጅምላ መቃብሮችና በአደባባይ የተፈጸሙ ግድያዎች የሚያስታውሱ ናቸው።

ይህ ክስ ለእኔ ሩቅ አይደለም። የምኖረው በሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ ነው፤ ከማስ ወንዝ በስተደቡብ። ይህ ሰፈር በአብዛኛው የተሠራው ከብራባንትና ከዜላንድ ገጠር መጥቶ መርከብ ለሚያራግፍ ሠራተኛ ነበር። ኋላ ኮንቴይነር መጣ፣ ወደቡም ወደ ባሕሩ አፍ እየሸሸ ሄደ፤ በ1993 እዚያ፣ ማስቭላክተ ላይ፣ ሾፌር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ኮንቴይነር የሚያመላልሱበት ተርሚናል ተከፈተ፤ በዓለም የመጀመሪያው አውቶማቲክ የኮንቴይነር ተርሚናል ነው። በዚህ ሰፈር ሆኖ ሮቦቶች በሰልፍ ሸክም ሲጎትቱ የሚያሳየውን የማኤዳን ትዕይንት የሚያይ ሰው ስለ ሩቅ ዘመን የተነገረ ተረት አድርጎ ሊያየው አይችልም። ማኤዳ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚያሳየው የሰው ሥራ ፈትነትና ጥላቻ ነው፤ ጥላቻው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ሥራው መልስ ሰጥቶም ሳይሞት የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከሁለቱ ጥያቄዎች ቀጥሎ የሠዓሊውን የእጅ ሥራ ነው የማየው። አኒሜሽን የሚመረጠው ካሜራ የማይችለውን ለማድረግ ስለሆነ፣ መስመሩ ራሱ መናገር አለበት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉታል፤ ጽሑፍ የማያነብ ምእመንም ማን ማን እንደሆነ ከአሣሣሉ ይረዳል። በሺኒቺሮ ዋታናቤ «የልጁ ታሪክ» ተማሪው በስኬትቦርድ ከትምህርት ቤቱ ሲሸሽ መስመሩ ይላላል፣ ፊቶች ይንሻፈፋሉ፣ ሥዕሉ ሊበተን ይደርሳል፤ ልጁ የሚያየው ዓለም እየተፈታ መሆኑን የሚነግረን ያ መስመር ነው። የዚያው ዋታናቤ «የመርማሪ ታሪክ» ደግሞ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ የቆዩ የመርማሪ ፊልሞችን የሚከተል ነው፤ ያምራል፣ ግን ጥቁርና ነጩ ከስሜት በቀር ስለዚያ ዓለም የሚለው ነገር የለም።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የምመክረው የታኬሺ ኮይኬን «የዓለም ሪከርድ» ነው። አንድ የአጭር ርቀት ሯጭ ጡንቻው እየተበጠሰ እንኳ ስላላቆመ፣ በገዛ አካሉ ኃይል ለአፍታ ከማትሪክስ ይነቃል። ኮይኬ ጡንቻውን ከልክ በላይ እያጠመዘዘ በከባድ ጥቁር ቀለም ይሥለዋል፤ ጊዜው ይጎተታል፤ አንድ እርምጃ አንድ ዘመን ይሆናል። በዋናው ፊልም ነጻ የሚወጣው አእምሮ ነው፤ ይህ አጭር ፊልም ሥጋም መንገድ እንዳለው ይናገራል። በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 1988 በዚሁ በሮተርዳም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። በሩጫ ላደገ ሕዝብ የኮይኬ ሐሳብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለቀሩት ባጭሩ፦ «ፕሮግራም» ደህና የሰይፍ ፍልሚያ ነው። የፒተር ቹንግ «ማትሪኩሌትድ» ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ማሽኑ ሳይገደድ በገዛ ምርጫው ወደ ሰው ወገን እንዲመጣ ይፈለጋል። የሕልሙ ክፍል ግን ከመጠን በላይ ረዝሞ ሐሳቡን ያደክመዋል።

ከአኒማትሪክስ በኋላ ይህን መንገድ በስፋት የተከተለው «ስታር ዋርስ፦ ቪዥንስ» ነው። የ2021ዱ ስብስብ በሰባት የጃፓን ስቱዲዮዎች የተሠሩ ዘጠኝ ፊልሞች ነበሩት፤ ሠሪዎቹ ከፊልሞቹ የዘመን ቅደም ተከተል ጋር እንዲገጥሙ አልተገደዱም። ነጻነቱ ጠቅሟል፤ አንዳንዱን ግን ባዶ አድርጎታል። «ፍልሚያው» በጥቁርና ነጭ ላይ የብርሃን ሰይፉን ቀለም የሚያበራ፣ ለዓይን እጅግ ያማረ ሥራ ነው። የስታር ዋርስ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ከጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ የተበደረውን ለጃፓን መለሰ ብዬ አደንቀዋለሁ፤ ወደ ስታር ዋርስ ስመለስ ግን ምንም አልተለወጠብኝም። በ2023ቱ ሁለተኛ ስብስብ የአየርላንዱ ካርቱን ሳሉን የሠራው ይበልጥብኛል። በሥራ ቤት የምትማቅቅ አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዋሻ ትሄዳለች፣ በውስጡ ያለውን ፍጥረት ትገድላለች፤ ከዚያ የሚጠብቃት ሽልማት ከክፉው ወገን ጋር መሄድ ነው። ጓደኞቿን ጥላ ስትሄድ ፊቷን ተመልከቱ። ክፋት የሚመለምለው ከድህነት መሆኑን በፊልሞቹ ሁሉ እንዲህ ግልጽ ሆኖ አላየሁትም። በዚያው ስብስብ የኬፕታውኑ ትሪገርፊሽ «የአው ዜማ»ን የሠራው ገጸ ባሕርያቱን ከሱፍ የተሠሩ አስመስሎ ነው፤ ሙቀት አለው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይቀላል።

በአህጉራችንም ትሪገርፊሽ በዚያው ዓመት «ኪዛዚ ሞቶ» የተባሉ ዐሥር የሳይንስ ልብወለድ አኒሜሽኖችን አውጥቷል፤ ሠሪዎቹ ከስድስት አገሮች ተውጣጥተዋል፣ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። ይህ ይቆጨኛል፤ ለእንዲህ ያለ ማስፋት የሚሆን ፊልም አለንና። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ የቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት «ክራምብስ» በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ነው። የዛገ የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ለዘመናት ተንጠልጥሏል፤ ሰዎች ጥንት ከፋብሪካ የወጣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይዘው ይገበያያሉ፤ በጀቱ ትንሽ ነው፣ ዳሎልን የመሰለ መልክዓ ምድር ግን አለው። ፊልሙ ከሰባ ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ያልተነኩ ማዕዘኖች ሞልተውታል። ቅርሱን የሚተምነው ነጋዴ ዋጋውን ከየት ያውቃል? ከመርከቡ ጥላ ሥር የሚያርስ ገበሬ ምን ያስባል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

የሚሠራው ሰውም አይጠፋም። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚሠራው እዝራ ውቤ በአንድ ሸራ ላይ እየደራረበ ይሥላል፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ያነሳል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው። በ2011 በሠራው «ሒሳብ» ሁላችን የምናውቀውን ታክሲ የተሳፈሩትን የውሻ፣ የፍየልና የአህያ ቀልድ አንስቷል። ውሻው መልስ ስላልተሰጠው መኪና ያሳድዳል፤ ፍየሏ ሳትከፍል ስለወረደች ትሸሻለች፤ አህያው ከፍሎ ጨርሷልና መንገድ መሐል ይቆማል። ዓለሙ አዲስ አበባ ነው፣ ሕጉም በየቀኑ የምናየው ነው። ቀልዱን ከማያውቅ ሰው ጋር ስታዩት ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥሩምባ ቢነፋበት የማይነቃነቅ አህያ ያለ ምክንያት የቆመ አይመስላችሁም። ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ የታክሲ ጉዞ ያልፋል።

አኒማትሪክስን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ በዲቪዲው ቅደም ተከተል አትሂዱ። በ«ባሻገር» ጀምሩ፣ «የዓለም ሪከርድ»ን አስከትሉ፣ «ሁለተኛው ህዳሴ»ን ለብቻው በሌላ ማታ እዩት፤ «ኦሳይረስ» ለመጨረሻ ይቆይ። የቪዥንስን የመጀመሪያ ስብስብ በጃፓንኛው ድምፅ ምረጡ። በሆላንድ ለልጆች ከሚሠሩት በቀር ፊልም ከነድምፁ በትርጉም ጽሑፍ ነው የሚታየው፤ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል፤ ጆሮም ተዋናዩ ሲተነፍስ ይሰማል።