አዲስ ዓሣ በገባ ማግሥት

ለባሕር ዓሣ ከተሰጠው ጥበቃ ሁሉ የሚበልጠው የባሕሩ ስፋት ነው። ከአንድ ዓሣ ገላ የወረደ ጥገኛ ተሐዋሲ ተራብቶ ሲነሣ ዘሩ በማዕበል ተበትኖ ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ሌላ ዓሣ ያገኛል፤ የቀረው ግን በከንቱ ይጠፋል። በጥቂት መቶ ሊትር የመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ያው ተሐዋሲ የሚሻውን ገላ በክንድ ርቀት ስለሚያገኘው፣ በባሕር ሳለ ለዓሣው እምብዛም ያልተሰማው ሕማም በገንዳ ውስጥ መቅሠፍት ይሆናል። አዲስ ዓሣ በገባ ማግሥት የሚነሣውን ደዌ ለመመርመር የሚቀርብ ባለሙያም ዓሣውን ከማየቱ አስቀድሞ ይህንን የስፋትና የጥበት ነገር በኅሊናው ሊያኖረው ይገባል።

እኔ በዱባይ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትን የባሕር ውኃ ገንዳዎች እየዞርሁ የምንከባከብ ሰው ስሆን፣ ከሚደርሱኝ ጥሪዎች ይልቁንም የሚበዛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ባለፈው ሳምንት አዲስ ዓሣ ገዝተን ጨመርን፤ አሁን ዓሦቹ ታመዋል፤ መድኃኒት ይዘህ ና» የሚል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ምርመራውም ፍርዱም ፈውሱም ተጠቃልሎ ስለሚነገር፣ ለባለሙያው የሚቀርለት ሥራ ጠርሙስ መሸከም ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱ ከሌላው የተነሣ መምጣቱን አያረጋግጥምና፣ በኋላ የገባው ዓሣ ደዌውን ይዞት መጣ ወይስ ደዌው በገንዳው ተቀምጦ ጠበቀው የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ጠርሙስ አይከፈትም።

ነጭ ነጥብ የሚባለውን፣ ሊቃውንቱ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ ብለው የሰየሙትን ደዌ እንመልከት። ይህ በደቃቅ ጸጉሮች የሚዋኝ ተሐዋሲ ከዓሣው የቆዳ ሽፋን ሥር ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ያህል ከተመገበ በኋላ፣ በጨለማ ከገላው ወርዶ፣ በአሸዋው ወይም በድንጋዩ ላይ ራሱን በሽፋን አሽጎ፣ በዚያም ውስጥ እየተከፋፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ፣ አልፎ አልፎም እስከ 72 ቀን ዘግይቶ፣ ብዙ ልጆቹን ወደ ውኃው ይለቃል፤ እነርሱም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ታሞ የዳነ ዓሣ በከፊል የመከላከል ኃይል ስለሚያገኝ፣ ነባሮቹ ዓሦች በስንጥባቸው ጥቂት ጥቂት እየተሸከሙ፣ ለባለቤቱ ዓይን ግን ፍጹም ጤነኞች መስለው ብዙ ወራት ሊኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ በመረብ ተይዞ፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ከአገር ወደ አገር በአውሮፕላን ተጉዞ፣ እህል ሳይቀምስ የሰነበተ ፓውደር ብሉ ታንግ ወደዚህ ገንዳ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት ሲመስል፣ ነባሮቹም ንጹሐን ሆነው ሲታዩ፣ ባለቤቱ «ሕመሙን ይዞብን መጣ» ይላል፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬን ወደ ገንዳው አዞራለሁ። በተቃራኒው አዲሱ ዓሣ እየበላና እየዋኘ ነባሮቹ ሁሉ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተከታትለው ሲወድቁ፣ ከዚያ ገንዳ ያልነበረ አዲስ ነገር መግባቱን መጠርጠር የተገባ ነው።

ከተሐዋስያኑ ነገር አስቀድሞ ግን ውኃው ይጠየቃል። ዓሣ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲጓዝ ከትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ከገላው የሚወጣው አሞኒያ አብዛኛው ጉዳቱ ባነሰ መልኩ ተይዞ ይቆያል፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ነፋስ ሲገባበት ግን ፒኤቹ ፈጥኖ ይወጣና ያ የተያዘው አሞኒያ ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ከረጢቱን ከፍተው የገንዳውን ውኃ በጠብታ እየጨመሩ ብዙ ሰዓት የሚያለማምዱ ሰዎች፣ በርኅራኄ ብዛት ዓሣውን በመርዝ ውስጥ እንደሚያቆዩት አያስተውሉም። የባሕር ውኃ ደግሞ ጨው ከሌለበት ውኃ ይልቅ የሚይዘው ኦክስጅን በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ በዚህ አገር በጋ ማቀዝቀዣው አንዲት ሌሊት ቢቆም ወይም አንድ የሞተ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ተደብቆ ቢበሰብስ፣ የገንዳው ዓሦች በሙሉ በአንድ ሰዓት ማለክለክ ይጀምራሉ። ይህች «በአንድ ሰዓት» የምትለው ነገር ታላቅ ምልክት ናት፤ ጥገኛ ተሐዋሲ ዓሦችን እያከታተለ ይይዛል እንጂ፣ ትናንት የበሉትን ሁሉ በአንድ ማለዳ አፋቸውን አያስከፍታቸውም።

ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ወደ ዓሣው እንመለሳለን፤ በዚህም ጊዜ የሰው ዓይን የሚሮጠው ወደ ቆዳው ነው፤ ነጥብ አለ ወይስ የለም? የእኔ ሃይማኖት ግን ከቆዳው በፊት ትንፋሹን ማየት ነው፤ ምክንያቱም እጅግ ፈጥነው ከሚገድሉት አንዱ የሆነው ደዌ ነጥቡን ሳያሳይ ሊገድል ይችላል። ይኸውም ቬልቬት የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አሚሎኦዲኒየም ኦሴላቱም የተባለው ነው፤ ሥር በሚመስሉ ክሮች በመጀመሪያ ስንጥቡን ይይዛል፤ ጠግቦ ሲወርድም አንዱ ተከፋፍሎ እስከ 256 ሊደርስ ይችላል። ብራውን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1931 በለንደን የሥነ እንስሳት ማኅበር መጽሔት ላይ ይህንን ተሐዋሲ ገልጸው ሲጽፉ፣ እኒሁ ብራውን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ የነጭ ነጥቡንም ተሐዋሲ ዛሬ በሚጠራበት ስም ሰይመውታል። ዛሬም ድረስ በገንዳ ጠባቂዎች ዘንድ እርስ በርሳቸው የሚምታቱት ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ሰው ብዕር መለየታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ስለ ትንፋሽና ስለ ጠባይ የሚመሰክር ሰው ሲፈለግ፣ ባለቤቱን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ፍሬ የለውም፤ እርሱ ገንዳውን የሚያየው ማታ ከእንግዳ ጋር ሲቀመጥ ነውና። ዓሦቹን በየዕለቱ የምታበላው በቤቱ የምታገለግለው እኅታችን ናት፤ በዚህ ከተማ ካሉት ቤቶች በብዙዎቹ ደግሞ ይህችው ሴት የአገሬ ልጅ ሆና ስለማገኛት፣ ምስክርነቷን ያለ አስተርጓሚ እቀበላለሁ። አንዲቱን «እኅቴ፣ ነጭ ነገር አይተሽበታል?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ነጭስ አላየሁም ጋሼ» አለችኝ፤ «ግን አዲሱ ከመጣ በሦስተኛው ቀን ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ መብራት ስከፍት መሸሽ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ውኃው ከሚፈስበት አፍ ፊት ቆሞ ይውላል። ምግብ ሲያይ ይመጣል፤ አፉ ያስገባና መልሶ ይተፋዋል።» ብርሃን መጥላት፣ በውኃው ግፊት ፊት ቆሞ ስንጥብን ማስነፈስ፣ ጎርሶ መትፋት፤ ሦስቱ በአንድ ዓሣ ላይ ሲገናኙ ቬልቬትን ነው የሚጠቁሙት። መብራቱን አጥፍተን በእጅ ባትሪ ከጎኑ ስናበራበት፣ ፊት ለፊት ያልታየው ደቃቅ ወርቃማ አቧራ በክንፉ ሥር ታየ። በቃሏ ተመርተን ባናይ ኖሮ፣ ያ ዓሣ በነጋታው ሞቶ በተገኘ ጊዜ «ምንም ምልክት አልነበረውም» ይባል ነበር።

ነጥቦቹ ሲታዩም ቢሆን ነጥብ ሁሉ አንድ አይደለም። የክሪፕቶካርዮን ነጥብ ቢበዛ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ዛሬ በዚህ ክንፍ ታይቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋና በሌላ ስፍራ በዝቶ ይመለሳል፤ ባለቤቱም በጠፋበት ቀን ዳነ ብሎ ደስ ሲለው፣ ተሐዋሲው በአሸዋው ላይ እየተራባ ነው። በአንድ ስፍራ ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ እንደ አበባ ጎመን እየተኮማተረ የሚያድገው ግን ሊምፎሲስቲስ የተባለ የቫይረስ ሥራ ነው፤ መድኃኒት አይሻም፤ ዓሣው ሲረጋጋ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይለቃል። ክላውን ዓሣ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ልጋጉ እየተላጠ ቢወርድ፣ ሎምና ኒግሬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 የገለጹት ብሩክሊኔላ ሆስቲሊስ ይጠረጠራል፤ ያም በአንድና በሁለት ቀን ስለሚገድል ለማሰላሰል ጊዜ አይሰጥም። ዓይኑ የደፈረሰና ገላውን በድንጋይ የሚያሽ ዓሣ ሲያጋጥም ደግሞ፣ ሙቀቱና ፒኤቹ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ በገላው ላይ እንደ ብርጭቆ ጠርተው የማይታዩት ጠፍጣፋ ትሎች በዚያ ውኃ ነጥተው ይወርዱና በመንከሪያው ዕቃ ታች ይቆጠራሉ። ይህ መነከር ከፈውስነቱ ይልቅ መመርመሪያነቱ ይጠቅማል፤ እንቁላላቸው በገንዳው ይቀራልና።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማይክሮስኮፕ ነው። ከቆዳው ወይም ከስንጥቡ በቀስታ የተፋቀ ልጋግ በአንድ ጠብታ የባሕር ውኃ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ፣ ቀስ ብሎ የሚሽከረከረው ክብ ክሪፕቶካርዮን ነው፤ ጥቁር ብሎ ሳይነቃነቅ የተጣበቀው ከረጢት አሚሎኦዲኒየም ነው፤ ባቄላ መስሎ እየተንሸራተተ የሚሄደው ብሩክሊኔላ ነው። ነገር ግን የሞተ ዓሣ ምስክርነት ፈጥኖ ያልፋል፤ ጥገኞቹ በድኑን ጥለው ስለሚሄዱ፣ ሌሊት ሞቶ ቀትር ላይ የተገኘ ዓሣ ስንጥቡ ባዶ ቢሆን ንጽሕናን አያሳይም።

ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቀው የፈውሱ መለያየት ነው። የውኃውን ጨዋማነት ቀንሶ አንጻራዊ ጥግግቱን እስከ 1.009 ዝቅ አድርጎ ለሳምንታት ማቆየት ነጭ ነጥብን ሲያጠፋ፣ ቬልቬትን አይነካውም፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ዓሣው እየታፈነ ሳለ ፈውስ ያደረገለት ይመስለዋል። መዳብ ሁለቱንም ይገድላል፤ ነገር ግን ነጻው መዳብ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መካከል ካልተጠበቀ ወይ አይፈውስም ወይ ዓሣውን ራሱን ይመርዛል፤ ከኮራልና ከቀንድ አውጣ ጋርም ፈጽሞ አይስማማም፤ በኖራማው ድንጋይና አሸዋ ላይም እየተጣበቀ ከውኃው ይጠፋል። ስለዚህ ዓሦቹ ሁሉ ወጥተው ባዶ በሆነ መለያ ገንዳ ይታከማሉ፤ ዋናው ገንዳም ያ 72 ቀን እንዲያልፍ በልማድ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል። መዳብን ለሚፈሩ ዓሦች፣ ተመራማሪው አንጄሎ ኮሎርኒ በኤይላት፣ በባሕረ ኤርትራ ጫፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለ ነጭ ነጥቡ የሕይወት ዑደት የጻፉትን ተከትሎ የመጣ ዘዴ አለ፤ ዓሣው በየሦስት ቀኑ ወደ ንጹሕና ደረቅ ወደ ነበረ ገንዳ ሲዛወር፣ የወረደው ተሐዋሲ ሳይፈለፈል በኋላው ይቀራል። ይህም ለነጭ ነጥብ ብቻ ነው።

አዲስ የገባ ዓሣ ሁሉ ሳይታመም በመዳብ ይታከም ወይስ ተለይቶ ይታይ የሚለው በእኛ ሙያ ያልተቋረጠ ክርክር ነው። እኔ ታንግ የሚባሉትን ዓሦች ሳልጠይቅ አክማለሁ፤ እነርሱ የሁለቱም ደዌ ወዳጆች ናቸውና። ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ ግን ልጋጉ ወፍራም ሆኖ ነጥብ እምብዛም ስለማይታይበት፣ መዳብም ስለሚጎዳው፣ በመለያው ገንዳ አስቀምጬ ትንፋሹን በየማለዳው እንዲያዩልኝ አደርጋለሁ፤ ከእርሱ ጋርም በጎኑ አንድ ርካሽ ጤነኛ ዳምሴል ዓሣ እጨምራለሁ፤ ማንዳሪኑ በስንጥቡ የደበቀውን ዳምሴሉ በክንፉ ያሳየኛልና።