ቀስተኛ በምን ይመዘናል?

ቀስት ውርወራ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ፍላጻውን ተከትሎ ዒላማው ላይ ያርፋል። መሃሉ ሲመታ ያጨበጭባል፤ ሲሳት ከንፈሩን ይመጥጣል። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ሚዛን አይደፋም። ጀማሪም ዕድል ቀንቶት መሃሉን ያገኛል፤ የተካነውንም ነፋስ ያስተዋል። በተለይ ማነጣጠሪያ በሌለው የእንጨት ቀስት፣ የወርዋሪው ሥራ ፍላጻው ዒላማው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አልቋል። ጥሩውን ከመናኛው መለየት የፈለገ ሰው ፊቱን ወደ ወርዋሪው ያዙር።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ይይ። አውታሩ የታሰረበትን ቀስት ራቅ ብሎ ቢመለከተው ከመያዣው በላይና በታች ያለው እንጨት ተመጣጥኖ መጉበጥ አለበት። አንዱ ወገን ደርቆ ሌላው ብቻ የሚጎብጥ ወይም አንድ ቦታ ላይ እንደ ማጠፊያ የሚታጠፍ ከሆነ ፍላጻውን በእኩል ኃይል አይሰድም፤ ውሎ አድሮም በዚያው ቦታ ይሰበራል። በአውታሩና በመያዣው መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በቀላሉ ነው፤ መያዣውን በጡጫ ጨብጦ አውራ ጣትን ቀጥ ሲያደርጉ ጫፉ አውታሩን ይነካል፣ ይህም ከ15 እስከ 18 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ጥንቁቅ ቀስተኛ ልምምዱን ሲጨርስ አውታሩን ይፈታል፤ እንጨት እንደ ጎበጠ ካደረ ጉልበቱን ያጣል።

ከዚያ ቀስቱ ለሰውየው የሚመጥን መሆኑን ማየት ነው። ለመሳብ ወደ ኋላ የሚንጋደድ፣ ቀስቱን ወደ ሰማይ አንስቶ የሚታገል፣ ክንዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከአቅሙ በላይ ይዟል። ለጀማሪ ከ11 እስከ 16 ኪሎግራም የሚደርስ የመሳቢያ ኃይል በቂ ነው። ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ስብርባሪ 137 ሙሉ ቀስቶች ወጥተዋል። የብዙዎቹ የመሳቢያ ኃይል ከ45 ኪሎግራም በላይ እንደነበር ይገመታል፤ እነዚያን ይስቡ የነበሩት ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠለጠኑ ነበሩ።

መርከቧ በሰጠመችበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1545፣ ሮጀር አስካም የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር «ቶክሶፊለስ» የተሰኘ መጽሐፍ ስለ ቀስት ውርወራ አሳተመ። ጥሩ ውርወራን በአምስት ከፍሎታል፦ አቋቋም፣ ፍላጻውን አውታሩ ላይ ማስገባት፣ መሳብ፣ ይዞ መቆየትና መልቀቅ። ለመመዘኛነት እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል ማግኘት ይቸግራል።

አቋቋሙ ብዙ አያነጋግርም፤ ጎኑን ለዒላማው ሰጥቶ፣ እግሩን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ ሳይወዛወዝ ይቁም። ፍላጻው ሁልጊዜ በአውታሩ አንድ ቦታ ላይ መግባት አለበት፤ ቦታው በክር ምልክት ቢደረግበት ይመረጣል። ሲስብ ደግሞ ጀርባውን እዩ። ጥሩ ቀስተኛ የሚስበው በክንዱ ብቻ ሳይሆን የትከሻውን አጥንት ወደ አከርካሪው በመሰብሰብ ነው። እጁም በየጊዜው አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የከንፈሩ ጥግ ላይ፣ ይደርሳል። አንዴ ከንፈር፣ አንዴ አገጭ ላይ የሚያቆም ሰው ቀስቱን በተለያየ ኃይል ነው የሚስበው፤ ፍላጻዎቹም ከፍ ዝቅ እያሉ ያጋልጡታል።

ይዞ መቆየቱ አጭር ይሁን። አስካምም ረጅም ይዞ መቆየት ቀስቱን ለአደጋ እንደሚያጋልጥና ውርወራውን እንደሚያበላሽ አስጠንቅቋል። በዚያች ቅጽበት የወርዋሪው ዓይን በፍላጻው ጫፍና በዒላማው መካከል መመላለስ የለበትም፤ ሊመታት በፈለጋት አንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ይትከል።

ሊቅና ደቂቅ የሚለየው መልቀቁ ላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ጣቶቹን ተመልከቱ። አውታሩ በሦስቱ ጣቶች የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። የተካነ ሰው ጣቱን በኃይል አይከፍትም፤ መያዙን ይተዋል፣ አውታሩም ራሱ ጣቶቹን ገፍቶ ይሄዳል። እጁ አንገቱን እየታከከ ወደ ጆሮው ኋላ ይሸሻል። ያልበሰለው ግን ትኩስ ምጣድ እንደነካ ሰው እጁን ከፊቱ ወደ ውጭ ይነጥቃል፤ አውታሩም አብሮ ወደ ጎን ይጎተታልና ፍላጻው መስመሩን ይስታል። ቀስት የያዘውንም ክንድ አትርሱ። ፍላጻው የት እንደደረሰ ለማየት ሲል ክንዱን ቶሎ የሚያወርድ ሰው፣ ፍላጻው ገና ከአውታሩ ሳይላቀቅ ሊያወርደው ይችላል። ዒላማው እስኪመታ ክንዱ ባለበት ይቆይ።

ፍላጻውም የራሱ ጠባይ አለው። የእንጨት ቀስት መያዣ መንገዱ ላይ ስለሚቆም፣ ፍላጻው ሲለቀቅ እየተለመጠ ያልፈዋል። በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ለቀስቱ ከሚገባው በላይ ደረቅ ፍላጻ ከተጠቀመ ወደ ግራ፣ ከመጠን በላይ የሚለመጥ ከተጠቀመ ወደ ቀኝ ይሄድበታል። ስለዚህ ስድስት ፍላጻ ወርውሮ ስድስቱንም ከመሃሉ በስተግራ አንድ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ የሰበሰበ ሰው ካያችሁ አትናቁት። የጎደለው ምናልባት የሚስማማ ፍላጻ ብቻ ነው። አንዱን መሃል መትቶ አምስቱን በየአቅጣጫው የበተነው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ይህን መበተን የሚፈውሰው ቀላል ልምምድ ነው። ከወፍራም የገለባ ክምር ፊት ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ ዒላማ ሳያስቀምጡ፣ አንዳንዴም ዓይን ጨፍኖ መወርወር ነው። የሚስቱት ነገር ስለማይኖር ሐሳብ ሁሉ ወደ ጀርባና ወደ ጣት ይመለሳል። ከክምሩ ኋላ ሰው አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ ፍላጻ የሌለበት አውታርም ተስቦ አይለቀቅ፣ ቀስቱን ይሰብራልና።

ለመፍረድ የተቀመጣችሁ ከስድስት ፍላጻ በፊት አትፍረዱ። ለመማር የተነሣችሁ ደግሞ ቀለል ያለ ቀስት ምረጡ፤ መሃሉን መምታት የሚመጣው አንዱን ውርወራ ከሌላው ጋር ማመሳሰል ከቻላችሁ በኋላ ነው።