ቁልፉ በማን እጅ ነው? የአዲስ አበባ ካፌዎችና ሱቆች መዘጋት ሲመረመር

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ያሉ የፒያሳ መንደሮች መፍረስ ጀመሩ። ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈርና እሪ በከንቱ ተነሡ። ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር በየመንገዱ ግንባር የነበሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ኬክ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶችና ሥጋ ቤቶችም አብረው ሄዱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንገድ ዳርን የሚያድሰው የከተማው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስን ያዘ፤ እዚያም ብዙ በር ተዘጋ።

ስለዚህ ለውጥ የሚነገረው በአብዛኛው በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ሰፊውን የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመሩን፣ የመንገድ መብራቱን ያሳይና ያረጀው ሁሉ መነሣት ነበረበት ይላል። ሁለተኛው ወገን የድሮውን ፒያሳ በናፍቆት ያወሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ውስጥ ስለነበረው ተከራይ ነጋዴ፣ በምን አቅም እዚያ ለመቆየት እንደቻለና ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው። የአዲስ አበባን አሮጌ ካፌዎችና ሱቆች ለ50 ዓመት ያህል ደግፎ ያቆማቸው ከደንበኛው ቀጥሎ ሳይጨምር የቆየው የመንግሥት ቤት ኪራይ ነበር። ያ ድጋፍ ሲነሣ ግን ቦታውን የሚተካ የሕግ ከለላ አልተበጀም።

ፒያሳ እንዴት ተሠራ

ናፍቆቱ የሚረሳው አንድ እውነት አለ። ፒያሳ ራሱ የተሠራው ሌሎችን በማስነሣት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፣ በአራዳ ነበር። በዙሪያው የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች መደብር ከፍተው ነበር፤ የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከሁሉም የገነነ ስም ነበረው። ጣሊያን አዲስ አበባን እንደያዘ ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ገፋው፤ አራዳን ደግሞ ለራሱ ሰዎች ሱቅና ቡና ቤት አደረገው። ፋሺስቶቹ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ የቡናው ማሽን፣ ኬኩና ማኪያቶው ቀሩ፤ ከተሜውም የራሱ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ከዚያ ልማድ የወጣ ቡና ቤት ነው፤ ቡናውን እዚያው ይቆላል፣ ደንበኛውም ቆሞ ይጠጣል።

ስለዚህ ፒያሳን ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ እንደኖረ ቅርስ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን አያግዝም። የሰፈሩ ዋጋ ከሌላ ይመነጫል። በቅኝ ገዥ ዕቅድ የተቆረሰን ቦታ ነዋሪው በአጠቃቀሙ ቀየረው። የሀገር ፍቅር ቲያትር ተዋናይ፣ ጋዜጠኛው፣ የመኪና ደላላው፣ የወርቅ ሠሪው፣ ጡረተኛው መምህር በአንድ ካፌ ተቀመጡ። በራፉ ላይ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ጋዜጣ አከራዩ ቦታ ያዙ። የአንድ ካፌ ገቢ በማኪያቶ ሽያጩ ብቻ የማይለካው ለዚህ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ደሞዝ የማይከፍላቸው፣ በመዝገቡም የማይጽፋቸው ሰዎች ገቢ አብሮ ይዘጋል።

ሳይጨምር የኖረው ኪራይ

ይህ ሁሉ ሕይወት በምን ዋጋ ይኖር ነበር? መልሱ ያለው በደርግ ዘመን ሕግ ውስጥ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የግል አከራይን ከከተማው አወጣው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ሥርዓት ሲቀየር፣ የብር አቅም ሲወርድ፣ ከተማው ሲያድግ ኪራዩ ግን ባለበት ቆየ። በአራዳና በካዛንቺስ ግንባር ቦታ የያዘ ነጋዴ በአጠገቡ የግል ሕንፃ ውስጥ ያለው ሰው ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ ከፈለ።

ይህ ድጎማ መሆኑን ማንም አያውጅም ነበር፤ ሥራው ግን የድጎማ ነበር። ስኒ ቡናን በርካሽ ለመሸጥ፣ ደንበኛን በአንድ ስኒ ሁለት ሰዓት ለማስቀመጥ፣ ለታመነ ሰው በዱቤ ለመስጠት ያስቻለው የኪራዩ ማነስ ነው። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ቤቶቹ ሳይታደሱ አረጁ፤ መንግሥት ከኪራዩ የሚያገኘው ለጥገና አይበቃም፣ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በገንዘቡ ለማደስ አይደፍርም። ብዙ ቤቶች መጸዳጃ አልነበራቸውም። ከመንግሥት በርካሽ የተከራየውን ሱቅ ለሦስተኛ ወገን በገበያ ዋጋ የሚያከራየውም ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። በእንዲህ ያለው ቤት ድጎማው ቡና ለሚያፈላው ሰው አልደረሰም፤ ስሙ በውሉ ላይ ያለው ሰው ኪስ ገባ።

ከዚህ ላይ ነጋዴው ራሱ የፈጠረው ሌላ ሥርዓት አለ፤ ‘ቁልፍ’ ይባላል። በመርካቶም ሆነ በፒያሳ ሱቅ ለቆ የሚሄድ ሰው ለሚተካው ሰው ቁልፍ ይሸጣል፤ ቤቱ የእሱ አይደለም፣ የሚሸጠው ቦታውን የመያዝ መብትና እዚያ የለመደውን ደንበኛ ነው። በባንክ አይመዘገብም፣ ታክስ አይከፈልበትም፣ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ብዙ ርቀት አይሄድም። ለብዙ ነጋዴ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ይኸው ቁልፍ ነበር። ቤቱ በፈረሰ ቀን ቁልፉ ዋጋ አጣ።

ሦስት ግፊቶች በአንድ ጊዜ

መዘጋቱን ግሬደር ብቻ አላመጣውም። የፌደራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በ2011 ዓ.ም. ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ የቆየውን የንግድ ቤቶች ኪራይ ሲያሻሽል የድሮው ስሌት ፈረሰ። ማሻሻያው በመርሕ ትክክል ነው፤ የሕዝብ ሀብት በከንቱ መከራየት የለበትም። ነገር ግን ከ40 ዓመት በላይ የቆመን ዋጋ አንዴ ሲያነሡት መሸጋገሪያው ላይ ብዙ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ለቀቀ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የቡና ማሽን መለዋወጫው፣ የወተት ዱቄቱ፣ የኬክ ግብዓቱ በዚያው ልክ ተወደደ። በ2017 የዓለም የአረቢካ ዋጋ ክብረ ወሰን ሰብሮ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ለሀገር የውጭ ምንዛሪ ብሥራት ነበር። የአገር ውስጡ ቡና ቆይ ግን ለላኪው ከሚቀርበው ዋጋ ጋር እየተወዳደረ መግዛት ግድ ሆነበት። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጠጣ አገር መሆኗን ስናስብ ጫናው የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ግፊት በ2016 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ነው። ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ውድድሩ ለሸማች ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ኪራዩ የተነሣበት፣ ሱቁ የፈረሰበት፣ ብድር የማያገኝ ነጋዴ ለውድድሩ በተጠራበት ዓመት መነሻ መስመሩ ላይ አልነበረም።

ቅርንጫፍ ያለውና የሌለው

በዚህ ሁኔታ ማን ይተርፋል? በርካታ ቅርንጫፍ ያለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው ካልዲስ ዛሬ በከተማዋ በየአቅጣጫው ይገኛል፤ አንድ ሕንፃ ቢፈርስ ሠራተኛውን ወደ ሌላው ያዛውራል፣ የንግድ ስሙ ከአድራሻው ነጻ ነው። ቶሞካም ቢሆን ከፒያሳ ወጥቶ ሌሎች ሰፈሮች ቅርንጫፍ መክፈቱ የመትረፊያ ብልሃት ሆኖታል። አዲሱ የኮሪደር ሥርዓትም ለእነዚህ ይመቻል። የሕንፃ ግንባር በአንድ ቀለም መቀባት፣ መብራት መግጠም፣ በከተማው ደንብ መሠረት እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ሆኖ መቆየት ካፒታልና ሁለት ፈረቃ ሠራተኛ ይጠይቃል። ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ሻይ ቤት ሁለተኛ ፈረቃ የለውም።

ትልቁ ድርጅትም ይዘጋል፤ ልዩነቱ መዘጋቱ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ነው። የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞችን በተመለከተ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 የተስማማው ስታርባክስ በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ 600 ሱቆቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በ1 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ማዋቀር ዕቅድ ሥር በተወለደባት ሲያትል ያለውን ታዋቂ የቡና መቁያ ቤቱን ሳይቀር ዘጋ። ኩባንያው ግን አልሞተም፤ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን አስልቶ ለየ። አንድ አድራሻ ብቻ ያለው የሠራተኛ ሰፈር ኬክ ቤት እንዲህ ያለ ስሌት የለውም። የእሱ መዘጋት የመጨረሻ ነው።

ይህ ዕጣ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም የሚያውቁት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አዳምስ ሞርጋን የነበሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሰፈሩን ካደመቁት በኋላ ኪራዩ ሲያይል ወደ 9ኛ ጎዳና፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተገፍተዋል። ተከራይ ሰፈርን ይሠራል፤ ሰፈሩ ያፈራውን ዋጋ የሚሰበስበው ግን ባለ ሕንፃው ነው።

ሕጉ የሚያውቀውና የማያውቀው

የሚያስቆጨው ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በፈረንሳውያኑ ኤስካራና ዦፍሬ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ‘የንግድ መደብር’ የሚለው ዕቃና ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ መልካም ስሙን፣ ደንበኛውን፣ የንግድ ስሙንና የተከራየበትን ቤት የኪራይ መብት ጭምር እንደ ሀብት ቆጥሯል። ነጋዴው ‘ቁልፍ’ ብሎ በልማድ የሚሸጠውን ሕጉ ከ60 ዓመት በፊት በወረቀት ያውቀው ነበር ማለት ነው። የካሣ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ራሱ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ክፍያ እንዳለ ይደነግጋል። ይሁንና ይህ ዕውቅና ከቀበሌ ሱቅ የሚነሣ ባለ ካፌ ጋር ሲደርስ ምትክ ቦታ ወደሚል ቃል ይጠባል። ምትክ ቦታ ግድግዳ ይተካል፤ ከሥራ ሲወጣ በልማድ የሚገባውን ደንበኛ አይተካም።

የመኖሪያ ቤት ተከራይ በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውልና የኪራይ ጭማሪ ገደብ አግኝቷል። የንግድ ቤት ተከራይ በዚህ አዋጅ አልተካተተም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 በበኩሉ ወደ አሮጌ ንግድ ቤት ሲመጣ የሚጠብቀው በዋናነት ሕንፃውን ነው፤ አንድ ቤት ግድግዳው ተጠብቆ ውስጡ ሲራቆት ሕጉ የጎደለ ነገር አያይም።

የሌላው ዓለም ልምድ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ሕጋችንን ያረቀቁት ሰዎች አገር ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ውሉ ለማይታደስለት የንግድ ተከራይ አከራዩ ካሣ እንዲከፍል አስገድዳለች። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው አሠራር ከ30 ዓመት በላይ የቆዩ ንግድ ቤቶችን ትመዘግባለች፤ ለእነዚህ ነጋዴዎች የአሥር ዓመት ውል ለሚሰጥ ባለ ሕንፃም ድጎማ ትከፍላለች። የተመዘገበው ሕንፃው ሳይሆን ሥራው መሆኑን ልብ ይሏል። አዲስ አበባ ሁለቱንም እንዳለ መቅዳት አይጠበቅባትም፤ መሬቱ የመንግሥት በሆነባት ከተማ ግን ትልቁ አከራይ መንግሥት ስለሆነ እርምጃው ከፓሪስ ይልቅ እዚህ ይቀላል።

የከተማው መታደስ ተገቢ ነው፤ መጸዳጃ የሌለውን ቤት ለመከላከል የሚያበቃ ናፍቆት የለም። የሚነቀፈው እድሳቱ ተከራዩን ሳይቆጥር መሄዱ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንግድ ቤት ኪራይን የሚገዛ አዋጅ ያውጣ። የከተማው አስተዳደር ከማንኛውም ቀጣይ ፈረሳ በፊት ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ንግድ ቤቶች ይመዝግብ፤ በሚገነባው አዲስ ሕንፃ ምድር ቤትም በሚችሉት ኪራይ የመመለስ ቀዳሚ መብት ይስጣቸው። የከተማ ጥናት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ነጋዴዎች የት እንደደረሱ ዛሬውኑ ያጥኑ፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ሊጠየቁ ይችላሉ።