ሦስተኛውን ቻናል ክፈቱልኝ

ዲላ ላይ ሰሞኑን የሚመጣብኝ ሰው ሁሉ «ሰራውንድ» ይፈልጋል። አስጎብኚው የቡና ጥላ ውስጥ የሚያስገባ ድምፅ ይላል፣ ቡና ነጋዴው ለውጭ ገዢ የሚልከው ቪዲዮ በዙሪያው ይስማ ይላል፣ ሙሽሮችም አልቀሩም። ፍላጎቱ ደግ ነው። የሚያናድደኝ አድናቆቱ ነው። ሄድፎን ይደፉና አንድ ዘፋኝ በራሳቸው ዙሪያ ሲሽከረከር ሲሰሙ አፋቸውን ይዘው «ጉድ እኮ ነው!» ይላሉ። ጉድስ ጉድ ነው። በቴሌግራም «ኤይት ዲ» እየተባለ የሚዞረው ነገር፣ ያው የምናውቀው ስቴሪዮ ዘፈን ግራ ቀኝ እየተጎተተ ሪቨርብ የተደፋበት ነው። ድምፅን ከነአቅጣጫው ከሚመዘግበው ከአምቢሶኒክስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ደግሞ ድምፅ መዞሩ የሥራ ጥራት ምልክት አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ የሚታወቀው ባለመዞሩ ነው፤ አንገታችሁን ስታዞሩ ዘፋኙ በቆመበት ይቀራል፣ ጆሯችሁ ብቻ ይዞራል።

ስለ ነፋስ መከላከያ፣ ስለ ሌቭል፣ ስለ ባትሪ አላወራም። ይህን የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ወደ ልምምዱ ይመለስ። ስለ ታሪኩም ባጭሩ፦ አምቢሶኒክስን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዋቀረው የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሰው ማይክል ገርዞን ነው። ድምፅን ለዚህኛው ስፒከር፣ ለዚያኛው ስፒከር ብሎ ማከፋፈሉን ተወው። በአንዲት ነጥብ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ ከነአቅጣጫው መዝግቦ፣ ስፒከሩን የኋላ ጉዳይ አደረገው። ለዚህም እሱና ፒተር ክሬቨን አራት ካፕሱል በአራት ፊት ወደ ውጭ እያዩ የተገጠሙበትን ማይክ ሠሩ። አራት ቻናል አንደኛ ደረጃ ነው፣ ዘጠኝ ሁለተኛ፣ ዐሥራ ስድስት ሦስተኛ። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር አቅጣጫው ይጠራል። በቃ።

እኔ ሥራ ስመዝን መጀመሪያ የምከፍተው ሦስተኛውን ቻናል ነው። ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር በሚቀበለው በአምቢኤክስ አደራደር አንደኛው ቻናል ደብልዩ ነው፤ ከየትም የመጣውን እኩል ይሰማል። ሁለተኛው ዋይ የግራና የቀኝ ነው፣ ሦስተኛው ዚ የላይና የታች፣ አራተኛው ኤክስ የፊትና የኋላ። ሪፐር በሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ላይ ሌሎቹን አፍኜ ዚን ብቻዋን አዳምጣለሁ። ደንበኛው ከጎኔ ቆሞ ሙሉውን አሰማኝ ይላል። አላሰማም። መጀመሪያ ዚ።

ባዶ ከሆነች ነገሩ እዚያው አለቀ። ሰውየው በስቴሪዮ የቀረጸውን አምጥቶ በፕላግኢን ከጆሮ ትይዩ ደርድሮታል ማለት ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ልክ ከአድማሱ ላይ የተቀመጠ ድምፅ ለዚ ቅንጣት አያዋጣም። የፈለገውን ያህል ቢያሽከረክረው ሦስተኛው ቻናል ዝም ይላል። ሪቨርብ ብቻ ከተሰማባትም ያው ነው፤ ጣሪያ የሌለው ሰው ጣሪያ ተበድሮ መጥቷል።

ሌላ አገር ቢሆን እታገሥ ይሆናል። ጌዴኦ ላይ ግን ይህ ጥፋት ምሕረት የለውም፤ የዚህ አገር ነገር ሁሉ ከታች ወደ ላይ ነውና። ከመሬቱ ጎደሬውና ቅጠላ ቅጠሉ፣ ከዚያ ቡናው፣ ከቡናው በላይ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ ዋንዛውና ብርብራው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይኸው የተደራረበ ጥምር እርሻ የመዝገቡ ዋና ነገር ነበር። እንግዲህ ይህን የመሰለ ደርብ ይዞ ድምፁን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል?

ዝናብ ሲጥል አንድ ጓሮ ውስጥ ቁሙና አድምጡ። ጠብታው መጀመሪያ ከላይ የዛፉን ቅጠል ያገኘዋል፤ ቀጭን፣ የተበተነ፣ ከየት እንደመጣ የማይለይ ሹክሹክታ ነው። ትንሽ ቆይቶ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ይቀበለዋል፤ እዚህ ጠብታው ይወፍራል፣ አንድ አንዱ ለብቻው ይቆጠራል። ቅጠሉ ሲሞላ ጎንበስ ይልና ያጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ያፈሰዋል። ከዚያ የቡናው ቅጠል፣ ከዚያ መሬት ላይ የረገፈው፣ ለስላሳና ድፍን። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ከእንሰቱ ሥር ገና ይዘንባል። ይህ ሁሉ የሚለየው በከፍታ ነው። ዚ የሌለው ቅጂ ላይ ያ ሁሉ ደርብ አንድ «ሽሽሽ» ሆኖ ይቀራል፤ ገዢው ግን ያንኑ ሰምቶ «ዝናቡ እንዴት ያምራል» ይላል።

ዚ ውስጥ ድምፅ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ላይና ታቹ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ዚ ብቻዋን አትናገርም። ደብልዩንና ዚን እኩል ደምሩ፤ ወደ ሰማይ ያቀና ማይክ ታገኛላችሁ። የዚን ፖላሪቲ ገልብጡና እንደገና ደምሩ፤ አሁን ማይኩ መሬት መሬቱን ያያል። በመጀመሪያው ወፉና ቅጠሉ፣ በሁለተኛው የእግር ኮቴውና የረገፈው ቅጠል መጉላት አለበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ቀራጩ ማይኩን ከቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል ሰቅሎ፣ የካፕሱሎቹን ፋይል ወደ አምቢኤክስ በሚቀይረው ኮንቨርተር ላይ ማይኩ እንዴት እንደቆመ የሚጠይቀውን ቦታ ሳይነካ አልፏል። እንደ ዙም ኤች 3 ቪአር ያለው መቅረጫ አቋሙን ራሱ ያውቃል፤ የሴንሃይዘር አምቢዮ ማይክ ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም።

አንዳንዱ ብልጥ ደግሞ ስሕተቱ ሲነገረው ዚን ብቻ ገልብጦ ይመጣል። ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። ማይክ ተዘቅዝቆ ሲሰቀል ከላይና ከታች ጋር ግራና ቀኙም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ዋይና ዚ አብረው መገልበጥ አለባቸው። ዚ ብቻ ከተገለበጠ አገሩ በመስታወት የታየ ይሆናል፤ ከወናጎ ወደ ዲላ የሚመጣው አይሱዙ ከዲላ ወደ ወናጎ ይሄዳል። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነበር። የኦስትሪያ ግራዝ ሰዎች በነፃ በሚያድሉት የአይኢኤም ፕላግኢን ውስጥ ሲን ሮቴተር አለ፤ ሮል የሚለውን 180 ዲግሪ ማድረግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እያለሁ የፉማን ነገር ልጨምር። ፉማ የሚባለው የድሮው አደራደር ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዚ ብሎ ይሄዳል። ፉማን አምቢኤክስ ነው ብላችሁ ከከፈታችሁት ፊት ለፊት የነበረው ወደ ግራ ይሄዳል፣ በግራ የነበረው ሰማይ ይወጣል፣ ከላይ የነበረው ፊታችሁ ላይ ይደቀናል። በስተግራ ተቀምጣ እንሰት የምትፍቅ ሴት ዛፍ ላይ ወጥታ ስትፍቅ ሰምቻለሁ። ደንበኛው ደስ ብሎት ከፍሏል።

ሪቨርብንም በአንድ ቃል ልለፈው። የጨልባ ቱቲቲን ትክል ድንጋዮች እያሳየ የዋሻ ማስተጋቢያ የሚጨምር ሰው ድንጋዮቹ ደጅ መቆማቸውን አላየም።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የሶንጎው፣ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ቅጂ ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሲመክሩ የቀረጸ ሰው ማይኩን በቆመ ሰው ቁመት ይተክለዋል። ሥራውን በሄድፎን ስትሰሙ የአባቶች ድምፅ ከታች፣ ከጉልበታችሁ አካባቢ ይመጣል። ቴክኒኩ አልተበላሸም፤ ዚ በትክክል የሰማችውን ነው የተናገረችው። የተበላሸው ሥርዓቱ ነው። ተቀምጠው በሚመክሩ ታላላቆች አናት ላይ ቆሞ መስማት በየትኛውም የአገራችን ልማድ ያስቀይማል፤ ይህ ሰው ግን አድማጩን ሁሉ እንዲያ አድርጎ አቁሞታል። በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ያልተተከለ የሶንጎ ቅጂ አልቀበልም። ቻናሉ ዐሥራ ስድስት ቢሆንም አልቀበልም።

ይህን ያስያዙኝ ሬዲዮ ላይ ያረጁ አንድ ሰው ናቸው። ናግራ ቴፕ ተሸክመው ገጠር ለገጠር የዞሩ፣ ዕድሜያቸውን በሞኖ የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ አምቢሶኒክስ የሚባል ቃል ሰምተው የሚያውቁም አይመስለኝም። የሚቀርጹት ሰው ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ይቀመጡ ነበር። ቴፑ በሳጥኑ እንዳለ፣ ቡና እስኪቀርብ፣ ወሬው ከመንገዱና ከዝናቡ አልፎ ወደ ጉዳዩ እስኪደርስ። ከዚያ ማይኩን በተቀመጡበት አገጫቸው ልክ ያደርጉና ሄድፎኑን አንድ ጆሯቸው ላይ ብቻ ያሳርፋሉ፤ ሌላው ጆሮ ለባለቤቶቹ ነው። ጋሼ ይምሸብናል እንጀምር ስላቸው ገና ቤቱን አልሰማሁትም ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር። የሳቸው ቅጂ በአንድ ቻናል ብቻ ሆኖ ሰውየው ከፊታችሁ ተቀምጦ ያዋራችኋል፤ የዛሬው ልጅ በአራት ካፕሱል ቀርጾ ሰውየው የት እንዳለ አይታወቅም።

ሌላው አስተማሪዬ ደግሞ ቴክኒሻን እንኳ አልነበረም። ይርጋጨፌ አካባቢ በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የወንዶቹን ዘፈን የሚያወጣ ጎልማሳ ነበር። የቡናው ወቅት ሲደርስ ሠራተኞቹ በሲሚንቶው ቦይ ግራና ቀኝ ይሰለፉና ቡናውን በእንጨት መግፊያ ውሃው ላይ እየገፉ ይዘፍናሉ፤ እሱ ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ውሃው ከእግር በታች፣ ዘፈኑ በጆሮ ልክ፣ የመፈልፈያው ቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ፤ ለዚ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ቅጂውን ሳሰማው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይጠቁም ነበር። እገሌ እዚህ፣ እገሌ እዚያ፣ ውሃው እዚህ። ጣቱ ሲያመነታ ሥራው ጎድሎታል ማለት ነው። ከከተማ የመጣ አንድ ቡድን የሠራውን ሲሰማ ጣቱን ጨርሶ አላነሳም፤ ጨዋ ስለነበር ጥሩ ነው አላቸው። እነሱም አመኑ።

ስለ ሄድፎን አንድ ነገር መባል አለበት። ጆሮ ላይንና ታችን የሚለየው በቅጠሉ እጥፋት ነው፤ እጥፋቱ ደግሞ የሚሠራው በቀጫጭኑ ድምፅ፣ ከብዙ ሺህ ኸርዝ በላይ ባለው ላይ ነው። ፋይሉን ለቴሌግራም ብላችሁ ክፉኛ ከጨመቃችሁት መጀመሪያ የሚሞተው ይኸው ነው። አንደኛ ደረጃ አምቢሶኒክስ ራሱ ጭንቅላት በሚያህል ስፋት ላይ የድምፁን መስክ በትክክል የሚመልሰው እስከ 700 ኸርዝ ገደማ ነው። ስለዚህ በሶፍትዌር የምትጨምሩትን ወፍም ሆነ ትረካ በሦስተኛ ደረጃ ሥሩት። ኮምፒውተሬ አይችልም የሚል ሰው ትራኩን ይቀንስ።

ሥራ የምታዙ ሰዎች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ያለቀውን ብቻ ሳይሆን የአራቱን ካፕሱል ጥሬ ፋይል ጠይቁ፤ ኤ ፎርማት ይባላል። ማይኩ ቆሞ ይሁን ተዘቅዝቆ፣ ፊቱ ወዴት እንደነበር፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ በጽሑፍ ይጨመርበት። ያ በእጃችሁ ካለ የተገለበጠው ይቀናል፣ የተዛባው ይደረደራል። ስቴሪዮ ሆኖ ከወጣው ላይ ግን ሰማዩን መልሶ የሚያወጣ ፕላግኢን የለም። ጥሬውን አልሰጥም ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።