ኤጲፋንያ፣ ጥምቀት፣ አስተርእዮ

ስለ ጥምቀት በውጭ ቋንቋ የሚዘጋጁ መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኤጲፋንያ» በሚለው ቃል ይጀምራሉ። ዩኔስኮም በዓሉን በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው የሰጠው ስም «የኢትዮጵያ ኤጲፋንያ» የሚል ነው። ስሙ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ የናይሮቢ ወይም የካምፓላ ነዋሪ ይህን ቃል ሲያነብ በአእምሮው የሚመጣበት በዓል ሌላ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ልብ አይሉም።

በኬንያና በኡጋንዳ የካቶሊክና የአንግሊካን ምእመናን ዘንድ ኤጲፋንያ የሰብአ ሰገል በዓል ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 6 ወይም በአቅራቢያው ያለው እሑድ ነው፤ የጌታ ጥምቀት ከዚያ በኋላ ለብቻው ይታሰባል። በእነዚያ ከተሞች የሚኖረው የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ በዚያ ዕለት በልደት ዋዜማ ላይ ነው። ጎረቤቱ ኤጲፋንያን ሲያከብር እርሱ ገና ጾመ ነቢያትን አልፈታም።

ታዲያ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነውን? አይደለም። ለዚህም ማስረጃው እዚያው ኬንያ ውስጥ አለ። በእስክንድርያ የግሪክ ፓትርያርክ ሥር ያሉት ኦርቶዶክሳውያን በዓሉን የሚያከብሩት እንደ ካቶሊካውያኑ በጃንዋሪ 6 ነው፤ የሚያስቡት ግን ሰብአ ሰገልን ሳይሆን ዮርዳኖስን ነው፤ ውኃም ይባርካሉ። ቀን አንድ ሆኖ ነገሩ ሊለያይ እንደሚችል ሁሉ፣ ቀን ተለያይቶም ነገሩ አንድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በኢትዮጵያ የግእዝ ሥርዓት ተከታይ የሆኑት ካቶሊካውያን ጥምቀትን በጥር 11 ማክበራቸውም «የምዕራብ» እና «የምሥራቅ» የሚለው ክፍፍል ሁሉን እንደማያስረዳ ያሳያል። ወንጌላውያኑ ግን በሥርዓታቸው ታቦት ስለሌለ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ይቆማሉ።

ለኢትዮጵያው በዓል ከሁሉ የሚቀርበው የግብፅ ኮፕቶች በዓል ነው። ዕለቱም አንድ ነው፤ ጡባ 11። ኮፕቶች ዛሬ ውኃውን የሚባርኩት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል መስዑዲ ግን ሌሊቱን በችቦ ብርሃን በዓባይ ዳር የተሰበሰበውን ሕዝብ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ገልጾ ጽፏል። ስለዚህ «ወደ ውኃ ወርዶ ማክበር የኢትዮጵያ ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ ውዳሴ ሊታረም ይገባዋል። ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ልዩ የሆነው ታቦቱ ነው። በከተራ ዕለት ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳል፤ በድንኳን ያድራል፤ ሕዝቡም አብሮት ያድራል። ጃን ሜዳንም ሆነ የጎንደሩን የፋሲለደስ መዋኛ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግን ማለዳ የሚረጨውን ውኃ ነው፤ ሌሊቱ በመግለጫዎቹ ውስጥ የለም።

ውኃውን ብቻ ማየት የቆየ ልማድ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት የተከናወነውን የጥምቀት ሥርዓት በዝርዝር ጽፏል። ንጉሡ አስተያየቱን ሲጠይቀው፣ አልቫሬዝ አንዲት ጥምቀት እንደሚል የሃይማኖት ጸሎቱን ጠቀሰ። ንጉሡም የተጻፈውን አልካደም፤ ነገር ግን ሃይማኖቱን ለውጦ በኋላ በንስሓ የሚመለስ ሰው ምን ይደረግ ሲል መልሶ ጠየቀ። እንግዳው የተመለከተው ቀኖናን ነበር፤ ንጉሡ ያሰበው ሰውን ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ መረጨቱ መታሰቢያና በረከት እንጂ ዳግም ጥምቀት አለመሆኑን ታስተምራለች። «ክርስቲያኖቹ በየዓመቱ ዳግመኛ ይጠመቃሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ከአንዱ የጉዞ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ኖሯል። አንባቢው ከዚህ ዐረፍተ ነገር የሚያገኘው በእምነቱ የማያምንበትን ነገር የሚፈጽም ሕዝብ ነው፤ የዚህ ስም መጥፎነት ደግሞ ከሕዝቡ ጋር በስደት ይከተላል።

የሚያሳዝነው ትክክለኛው ቃል በቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ግእዙ «አስተርእዮ» ይላል፤ መታየት፣ መገለጥ ማለት ነው፤ የግሪኩም ኤጲፋንያ ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። ከጥር 11 እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ወቅትም ዘመነ አስተርእዮ ይባላል። ጥምቀት የድርጊቱ፣ አስተርእዮ የምሥጢሩ ስም ነው፤ መግለጫዎቹ ሁለተኛውን ጨርሶ አያነሡትም።

ስለ ጥር 12 ያላቸው ዝምታ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የጥንቱ የምዕራብ ሥርዓት በኤጲፋንያ ሦስት መገለጦችን ያስባል፦ የሰብአ ሰገልን፣ የዮርዳኖስንና የቃና ዘገሊላን ሠርግ። በኢትዮጵያ ቃና ዘገሊላ በጥምቀት ማግሥት ይከበራል፤ በዚያው ዕለት የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል። በሮምና በጎንደር መካከል እስካሁን ያልተቆረጠው አንዱ ክር ይህ ሲሆን፣ በመግለጫዎቹ ግን ጥር 12 የሚታየው የተሰለፈው ሕዝብ ወደ ቤቱ እንደሚበተንበት ቀን ብቻ ነው።