ስለ «እኩል ሕክምና» ደንብ፤ አጭር ሒስ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፥ በ24ኛው ቁጥር እስረኛ በሕግ ፊት ባለው አቋም ልዩነት ሳይደረግበት በውጭ ያለው ሕዝብ ከሚያገኘው ጋር የሚተካከል ሕክምና በነጻ ሊያገኝ ይገባዋል ይላሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ተሻግሮ የተያዘ ስደተኛም በዚሁ ጥላ ሥር ይገባል። ለመሆኑ ግን እኩልነቱ የሚለካው ከየትኛው ሕዝብ ጋር ነው?

ደንቡ እንደ አራዳ ባለ ስፍራ ተቀምጦ የታሰበ ይመስላል። ፒያሳ ላይ ሰው ድንገት ቢወድቅ ምኒልክ፥ ራስ ደስታና የካቲት 12 ሆስፒታሎች ቅርብ ናቸው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ እርሱ ቢዘገይ ታክሲ አይጠፋም። (በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲወጣ፥ ከቤቱ ጋር ይህንም ቅርበት ማጣቱ እምብዛም አልተነገረለትም።) እንዲህ ባለ ስፍራ «ከሕዝቡ እኩል» ማለት ትርጉም አለው።

በገጠር ግን ሕመምተኛን በመጀመሪያ የሚያድነው ሰው ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው፥ እየተፈራረቁ፥ ወንዝ ተሻግረው ከመኪና መንገድ ያደርሷታል። የታሰረ ስደተኛ ጎረቤት የለውም፤ ቋንቋውን የሚሰማለትም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በሩቅ ስፍራ ያለ ማቆያ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር «እኩል» ሕክምና ቢሰጠው እንኳ፥ የሰጠው የሕዝቡን ጉድለት ነው፤ ሕዝቡ ጉድለቱን የሚሞላበትን መንገድ ግን ነሥቶታል።

ይህ በአሳብ ብቻ የተፈጠረ ችግር አይደለም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የሁቲ ኃይሎች ከሰሜን የመን ያባረሯቸው ኢትዮጵያውያን የሳዑዲ ዐረቢያ ድንበር ሲደርሱ፥ ከተኩስ ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ በጂዛን ግዛት፥ በተራራማው አል ዳይር ታስረው እንደ ነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ገለጸ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በመስከረም 2013 ዓ.ም. በሳዑዲ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን፥ ነፍሰ ጡሮች ሳይቀሩ፥ በቂ ሕክምና እንዳላገኙ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጨናነቁ ብዙ ተነገረ፤ ስለ ርቀቱ ግን ጥቂት።

27ኛው ቁጥር ደግሞ ለአስቸኳይ ሕመም ፈጣን ሕክምና ይደረግ፥ የሐኪሙንም ውሳኔ ሐኪም ያልሆነ ሠራተኛ አይሻረው ይላል። ሐኪም በሌለበት ማቆያ ግን የሚሻር የሐኪም ውሳኔ ከቶ አይኖርም። በሌሊት የመጀመሪያውን ፍርድ የሚሰጠው ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ነው፤ «እውነት ታሟል፥ ወይስ ሊያመልጥ ነው?» ብሎ። በሩ ካልተከፈተ የአምቡላንስ መኖር ምን ይጠቅማል?

ነገሩን የሳዑዲ ብቻ ነው ብለን እንዳናልፈው የራሳችንን ሕግ እንይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፥ ከዘመዶቹ፥ ከጓደኞቹ፥ ከሃይማኖት አማካሪው፥ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር ይገናኝ ዘንድ ይፈቅዳል። ሐኪሙ የተቆጠረው ከጠያቂዎች ጋር ነው። ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመተማ ወይም በሞያሌ ለሚያዝ የውጭ አገር ሰው ግን የሚጠይቀው ሐኪም ከየት ይመጣለታል?

እንግዲህ ደንቡ «እኩል» በማለት ፈንታ ሰዓት ቢጽፍ እመርጣለሁ። ከማቆያው በር እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስንት ሰዓት ነው? ደም ለሚፈሳት ወላድ ሁለት ሰዓት እንኳ ብዙ ነው። ከተወሰነው ሰዓት በላይ የሚርቅ ስፍራ ማቆያ ሊሆን አይገባም፤ ግድ ይሁን ከተባለም በዚያው የሚያድር ነርስ፥ ነዳጅ ያለው መኪና፥ በሩንም ለማስከፈት የነርሱ ቃል ብቻ የሚበቃበት ትእዛዝ ይኑር። ከሕግ ተማሪዎች መካከል ይህ ለዓለም አቀፍ ደንብ እጅግ ዝርዝር ነው የሚል አይጠፋም። ይኸው ደንብ ግን በ21ኛው ቁጥር የእስረኛው አልጋ ልብስ ንጹሕ ይሆን ዘንድ በየጊዜው እንዲለወጥ ሳይቀር ያዝዛል።