የረዳቱ ደብተር

«ካፒቴን» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ክር ያለው፣ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ነው። ለዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ካፒቴን እናውራ። የሚሠራው ወንዝ ላይ ነው። ጭነቱ ጠጠር፣ ከሰል፣ ናፍጣ ወይም ኮንቴይነር፣ ልብሱም ግራሶ የነካው ቱታ ነው።

ራይን ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነስቶ፣ ጀርመንን አልፎ፣ በኔዘርላንድ በኩል ሰሜን ባሕር የሚገባ ወንዝ ነው። እዚያ የሚመላለስ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ 110 ሜትር ይረዝማል፤ 3,000 ቶን ገደማ ይጭናል። አንድ ከባድ መኪና 25 ቶን ጫነ ብንል የ120 መኪና ጭነት መሆኑ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ አደራ የሚረከብ ወጣት ከየት ይመጣል?

ከረዳትነት ነው የሚመጣው። ጀርመን ውስጥ የወንዝ መርከበኛ ሊሆን የፈለገ ልጅ ሦስት ዓመት ይሠለጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ለካፒቴንነት የሚያበቃ የሦስት ዓመት ተኩል ሥልጠና ተጨምሯል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው መርከብ ላይ ነው፤ ገመድ ሲያስር፣ ወለል ሲያጥብ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲያጎነብስ። በየመሀሉ ትምህርት ቤት ይገባል። ዱይስበርግ ከተማ ውስጥ የተማሪዎቹ ማደሪያ ራሱ ወንዝ ላይ የታሰረ መርከብ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ደብተሩ ነው። ልጁ በስሙ የአገልግሎት መዝገብ አለው። በየትኛው መርከብ፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ቀን እንደተጓዘ ይጻፍበታል። 180 የጉዞ ቀን እንደ አንድ ዓመት ይቆጠርለታል። ወደፊት ካፒቴን ልሁን ብሎ ሲጠይቅ ደብተሩ ይመሰክርለታል። ያጠበው ወለል እንኳ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

ኑሮው ገነት ነው እያልኩ አይደለም። እንደ ሠራተኛው ቁጥር መርከቡ በቀን 14፣ 18 ወይም 24 ሰዓት ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ውኃ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤት መሆን የተለመደ ነው፤ የጓደኛ ሠርግም ሆነ የእናት ልደት ተራውን ጠብቆ አይመጣም። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ራሱ ይከዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ካውብ በተባለው ቦታ ያለው የውኃ መለኪያ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ወርዶ፣ መርከቦች ከጭነታቸው አብዛኛውን እየቀነሱ ነበር የሚያልፉት።

ደብተሩም ቢሆን ሞትን ሁልጊዜ አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 2,400 ቶን ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ መርከብ ሎረላይ አጠገብ ተገለበጠ። ከአራቱ ሠራተኞች ሁለቱ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር የመርከቡ ሚዛን የተዛባው ከአጫጫኑ ሆኖ ተገኘ፤ ታንኮቹ እስከ አፋቸው ስላልሞሉ ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ይዋልል ነበር። ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ታወቀ፤ ተጻፈም። ለተከታዩ ልጅ ትምህርት የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛ የከባድ መኪና ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ታኮ ይዞ ዳገት ላይ ይሮጣል። ስድብ ይጠጣል፤ መኪናው ሥር ያድራል። በአምስት ዓመቱ ፍሬን የት እንደሚግል፣ ቁልቁለቱ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ ሁሉ ዕውቀት የትኛው መዝገብ ላይ ሰፈረ? መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሄደ ቀን፣ መኪና ከነጭራሹ ነክቶ ከማያውቀው ልጅ ጋር እኩል ይሰለፋል። ከዚያ አደጋ በደረሰ ቁጥር «የአሽከርካሪ ብቃት ማነስ» የሚል ዜና እንሰማለን። ብቃቱን መቼ ቆጠርንለትና ነው አነሰ የምንለው?

ጣናም ላይ ያው ነው። ባሕር ዳር ከተማ ለውቅያኖስ መርከቦች መሐንዲስ የሚያሠለጥን ተቋም አለ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። መነኩሴውን፣ ገበሬውንና ቱሪስቱን ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚያሻግረው ልጅ ግን በአብዛኛው ሥራውን የሚለምደው ከታላቁ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይኼ ነው።

«እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚል አይጠፋም። ጎበዝ፣ ደብተር ስንት ብር ነው? «በሐሰት ይሞላል፤ ማኅተም ይገዛል» የሚለው ሥጋት ግን እውነት አለው። ለዚህም ነው የፈረመው ሾፌር በፊርማው መጠየቅ ያለበት። ያኔ ረዳቱን ከመስደብ ይልቅ ማስተማር ይሻለዋል፤ የልጁ ስህተት የእሱንም ስም ይዞ ይወጣልና።

ነገ ያ ልጅ መሪ ይጨብጣል። ከኋላው የምንቀመጠው እኛ ነን።